ቀሪው ግማሽ

ምንጣፉን ከበሩ በኩል ጀምሬ እጠቀልላለሁ። ስለሚከብደኝ ተንበርክኬ በሁለት እጄ እየገፋሁ እስከ አልጋው እግር አደርሰዋለሁ። ወንበሩን ጠረጴዛው ሥር እከትታለሁ። በራሱ ጊዜ የሚከፈተውን የቁም ሳጥን በር በታጠፈ ወረቀት እወትፋለሁ። ከዚያ ጫማና ካልሲዬን አውልቄ ጣውላው መሃል እቆማለሁ። የቤቱ ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ከትምህርት ቤት ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም፤ እናቴ ከሥራ እስክትመጣ ግን ገና ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ካታ ነው።

ካታ ምን እንደሆነ ያስረዳኝ አባቴ ነበር። «ሰው በሌለበት መደባደብ ማለት ነው» አለኝ አንድ እሑድ፣ ፂሙን ተላጭቶ ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ። «ግን ሰው አለ ብለሽ ነው የምትሠሪው። ከግራ አንዱ ይመጣብሻል፤ እርግጫውን ወደ ታች ትመክቺና ገብተሽ በቡጢ ትይዋለሽ። ከኋላሽ ሌላ አለ፤ ትዞሪለታለሽ። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ዛሬም ነገም ያው ነው።»

ሰዎቹን ቦታ ቦታ ሰጠኋቸው። የግራው መስኮቱ ጋ ይቆማል፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። የቀኙ አልጋው ጋ ነው፤ እሱ ችኩል ነው። ዱላ የያዘው ረጅሙ ሰውዬ ከቁም ሳጥኑ ፊት ይቆማል። የኋላውን አይቼው አላውቅም፤ መኖሩን ግን ጀርባዬ ያውቃል። ጠላቶች መሆናቸው ተነግሮኛል። ቢሆንም ከመጀመሬ በፊት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳቸው ከልቤ ነበር። በዚያ ሰዓት ወደ ቤታችን የሚመጣ ሌላ ሰው አልነበረም።

እየመከትኩ፣ እየዞርኩ፣ እየመታሁ ወደ ፊት እሄዳለሁ። በመጨረሻ ረጅሙ ሰውዬ ዱላውን ከላይ ያወርድብኛል፤ ሁለት ክንዶቼን አነባብሬ ከግንባሬ በላይ እመክተዋለሁ። እዚያ ላይ አቆማለሁ። የማውቀው እስከዚያ ድረስ ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እስከ ዱላው ድረስ አስተምሮኝ፣ አንድ ማለዳ በር ላይ የጫማውን ክር እያሰረ፣ «ቀሪውን ስመለስ አሳይሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ጫማዬ ጠቦኝ በሌላ ተለውጧል።

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። ጃንጥላውን ረስቶ የሄደ እንግዳ ጃንጥላውን ሊወስድ ይመለሳል። አባቴ እኔ ዘንድ ትቶ የሄደው ግማሽ ካታ ነው። የእኔ ድርሻ ግማሹን ሳይበላሽ ማቆየት ነው። ስለዚህ ክንዶቼን እንዳነባበርኩ፣ ፊቴን ወደ ቁም ሳጥኑ አድርጌ፣ እስኪዝለኝ እቆማለሁ። ከዚያ ምንጣፉን እመልሳለሁ። እናቴ ካታ የምትጠላ ይመስለኝ ስለነበር አንድም ቀን ሳይዘረጋ አላገኘችውም።

እናቴ ላውንድሪ ቤት ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ወደ ማታ እጆቿ በእንፋሎት ቀልተው ትመጣለች። አንዳንድ ቀን ታናሽ እህቷ፣ ፀጉር ሠሪዋ አክስቴ፣ አብራት ትመጣና እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራዬን ስሠራ እነሱ ያወራሉ። አክስቴ የፀጉር ማድረቂያ ጩኸት ስለለመደች በሹክሹክታ ማውራት አይሆንላትም።

«እስከ መቼ ነው ‹ሥራ ላይ ነው› የምትያት?»

«እስክትጠይቀኝ።»

«አትጠይቅሽማ! እንደ ሐውልት ተገትራ ቁም ሳጥን ስታይ ነዋ የምትውለው።»

«ቀስ በይ፣ አንቺ ሴት።»

«ምን ቀስ እላለሁ! እሱ እንደሆነ እዚያ ኑሮውን ይዟል።»

ኑሮውን መያዙ ደስ አለኝ፤ መንገድ ላይ እየራበው ይሆናል ብዬ እሰጋ ነበር። የገረመኝ ሌላ ነው። አክስቴ ስለ ቁም ሳጥኑ በምን አወቀች? እዚያ ስቆም እኮ ማንም አያየኝም።

አሁን አውቃለሁ። እናቴ ካረጀች በኋላ ነገረችኝ። ከሥራ ቀደም ብላ የምትወጣባቸው ቀናት ነበሩ። ደረጃውን ወጥታ በበሩ ስንጥቅ ስታይ ክንዶቼን አንስቼ ቆሜያለሁ። አትገባም። የምንጣፉን ድምፅ እስክትሰማ ድረስ ዘንቢሏን ታቅፋ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች።

ነገሩን ያፈነዳው ከቤታችን ሥር ያለው ሰዓት ሠሪ ነው። አንድ ምሽት ማጉያ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ ወጥቶ በራችንን አንኳኳ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፈረስ ገዝታችኋል እንዴ?»

«ኧረ ፈረስ የለንም።»

ወደ እኔ አየ። «እንግዲያው ፈረሷ ይቺ ናት። ከሰዓት ከሰዓት ጣሪያዬ ይደለቃል። ትናንት የሴት ሰዓት ከፍቼ ቁጭ ባልኩበት ብሎኗ ዘላ ሻይዬ ውስጥ ገባች።»

«አገኟት?»

«ጠጣኋት መሰለኝ።»

እናቴ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ስለነበር ድምፁ ለእሷም እንግዳ ሆነባትና ቶሎ አፏን ያዘች። ሰውዬው ሲወርድ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ቅዳሜ ጠዋት የትም እንዳትሄጂ» አለችኝ። «የምንሄድበት አለ።»

የሄድነው አባቴ በወጣትነቱ ካራቴ ይሠራበት የነበረ አዳራሽ ነው። ዱሮ የጣውላ መጋዘን ነበር፤ ከላብ ሽታው ሥር አሁንም የእንጨት ሽታ አለ። አሠልጣኙን ሁሉም «ማስተር» ነው የሚላቸው። አንዱ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ሲራመዱ እግራቸውን እንደ በር ያዞሩታል። እናቴን አይተው ጠጋ አሉ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ማስተር።»

«ያ ሰውስ?»

እናቴ በዓይኗ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሺ» አሉና እኔን መሃል አቁመው፣ «የምታውቂውን አሳዪኝ» አሉኝ።

እኔ ግን ፈራሁ። እናቴ እዚህ ያመጣችኝ ሌላ ሰው ካታዬን እንዲጨርሰውና አባቴ የሚመለስበትን ምክንያት እንዲያጠፋብኝ መሰለኝ። ጥርሴን ነክሼ ግማሹን ሠራሁ። ክንዶቼን አነባብሬ ቆምኩ።

ማስተር ዞሩኝ። «ሁለተኛው እርምጃሽ ለምን አጠረ? እዚህ ጋ ምን አለ?»

«አልጋ» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ማስተር አልሳቁም። ጎንበስ ብለው የሌለውን አልጋ በሁለት እጃቸው ይዘው እያቃሰቱ ወደ ግድግዳው ገፉት። «በቃ ተነስቷል። አሁን ሙሉ እርምጃ ውሰጂ።»

ወሰድኩ። እግሬ እንደዚያ ሰፊ ቦታ አግኝቶ አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ እጃቸው ግራ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ስዞር ዝቅ ይላል፤ ሊያቀኑት ጀምረው ተዉት። «ይቺን ትከሻ አውቃታለሁ» አሉ ለራሳቸው። ካታ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ምን ምን ይዞ እንደሚሄድ ያኔ አልገባኝም። ዛሬ እኔ የማስተምራቸው ልጆች ሲዞሩ ግራ ትከሻቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳቸውም አባቴን አያውቁትም።

«ቀሪውን ላሳይሽ?»

«አይ። አባቴ ነው የሚያሳየኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ግማሽ» ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲጋጠሙ ግማሽ ጥግ ይዛ የራሷን ትሠራለች። «ግማሽ፣ ሌላው ግማሽሽ የት ሄዶ ነው?» ይለኛል ቀጭኔ የምንለው ረጅም ልጅ። «ግማሽ፣ ግማሽ ውሃ አምጪልኝ!» ለሳቅ የሚያበቃ ቀልድ አልነበረም፤ ግን ይስቁ ነበር። ማስተር ሁሉንም ሰምተው፣ «የፈተና ቀን ግማሽ ካታ አይታይም፤ ሙሉ ካልሆነ ቀበቶ የለም» ብቻ አሉኝ። ፈተናው የወሩ መጨረሻ ላይ ነበር። አባቴ ከዚያ በፊት መምጣት ነበረበት።

መጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ እናቴ ሥራ ላይ ናት። በሩ ተንኳኳ። አባቴ በገዛ በሩ ለምን እንደሚያንኳኳ ሳላስብ ከፈትኩ። አዲስ ጃኬት ለብሷል። የናፍጣ ሽታው ጠፍቶ የማላውቀው ሳሙና ይሸታል። አንስቶ አቀፈኝና ትንሽ ቆይቶ አወረደኝ።

«ሻንጣህስ?»

«መኪና ውስጥ ነው።»

በመስኮቱ አየሁ። ከታች ትንሽ ነጭ መኪና ቆሟል፤ መስኮቱ ላይ የሴት ክርን ተደግፏል። መንገድ ላይ ያሳፈራት ሰው ናት አልኩ፤ አባቴ ሰው ማሳፈር ይወድ ነበርና።

ወሬ አላበዛሁም። ምንጣፉን ጠቅልዬ፣ የቁም ሳጥኑን በር ወትፌ፣ «ቀሪውን» አልኩት።

«ምኑን?»

«የካታውን ነዋ!»

አባቴ ቁም ሳጥኑን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ እኔን አየ። «አዎ» አለ። «አዎ፣ ቀሪውን።» ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ክንዶቹን አነባብሮ ከግንባሩ በላይ አነሳ። እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ልክ እንደኔ። ከዚያ በዝግታ አንድ እጁን አወረደ። አየሩን ጠረገ። ዞሮ ዝቅ ያለ እርግጫ ሰነዘረ። ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ወደ ታች ተመለከተ፤ ተመለሰ። እየረገጠ፣ እየጠረገ በሩ ጋ ደረሰና ሁለት መዳፎቹን ወደ ፊት ከፍቶ ቆመ።

«ይሄው ነው።»

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ድገመው፣ ድገመው!»

ደገመው። እርግጫው ጋ ሲደርስ በሌላኛው እግሩ መታ።

«አባዬ፣ ቅድም እኮ በግራ ነበር!»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ቀላ። «ጎበዝ! ልፈትንሽ ብዬ ነው» አለ።

ፈተናውን በማለፌ ጮቤ ረገጥኩ። ከታች የመኪና ጥሩምባ ሰማን። አባቴ ጃኬቱን አንስቶ ግንባሬን ሳመኝና የጫማውን ክር ሳያስር ወረደ። እኔ በሩ ጋ መዳፎቼን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ካታው አልቋል፤ አባቴ ግን ወርዷል። ይህ ያልጠበቅኩት ነበር።

እናቴ ስትመጣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች አልጋው ላይ ተቀመጠች። «እስቲ አሳዪኝ።» አሳየኋት። ስጨርስ እናቴ የምታየው እኔን ሳይሆን በሩን ነበር።

«ቆንጆ ነው» አለች። ሳታገኘው በመቅረቷ የከፋት መሰለኝ። «አይቆጭሽ፣ ሌላ ቀን ይመጣል» አልኳት። እናቴ ራሴን ዳሰሰችኝ።

በሚቀጥለው ልምምድ ሳልጠራ መሃል ገባሁ። «ግማሽ ሞላች!» ብሎ ጮኸ ቀጭኔ። ልጆቹ ከበው ተቀመጡ። መጀመሪያውን ጸጥ ብለው አዩ። የአባቴን ስጀምር ሳቅ ከአንድ ጥግ ተነሳና ተዛመተ።

«ይሄ ደሞ ካታ ነው? ዝንብ ማባረር ነው እንጂ!»

«አንተ ረጅም፣ ፑሽ አፕ ውረድ» አሉ ማስተር። ልጁ ወረደ። «ከማን ተማርሽው?»

«ከአባቴ። ቅዳሜ መጥቶ።»

ማስተር ወለሉን ተመለከቱ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረጉ። በማይታጠፈው ጉልበታቸው መሃል ገቡና፣ «እንግዲህ ጠላትሽ እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አሉኝ። በግራ ቆመው ረገጡ፤ መከትኩ። ከኋላ ያዙኝ፤ ዞርኩ። ከፊት ዱላ አወረዱ፤ ክንዶቼ ክንዳቸው ላይ አረፉ። እንቅስቃሴው ሁሉ ሰው ላይ አረፈ።

«አሁን የአባትሽን።»

አየሩን ጠረግኩ። ማስተር በቀኝ ቆመው ሞከሩ፤ አልነካኋቸውም። በግራ መጡ፤ በዚያም የለም። «እዚህ ጋ እኔ የት ልቁም?» አሉ፤ የምር ነበር የሚጠይቁኝ። መጨረሻ ላይ መዳፎቼን ስከፍት ፊት ለፊቴ ቆመው ትንሽ አሰቡና ገለል አሉ።

«ልጄ፣ እዚህ ማንም የለም። ደግሞ ካታ የጀመርሽበት ቦታ ላይ መልሶ ነው የሚያቆምሽ። ይሄኛው በር ላይ ትቶሻል።»

«አባቴ ከእርስዎ ይበልጣል!» ብዬ ጮህኩና ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ማስተር የቀኑት ቀሪውን ስለማያውቁት ነው አልኩ። ቤት ደርሼ እንኳ እንባዬ አልደረቀም ነበር።

እውነቱን የነገሩኝ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ እሳቸውም በዱላ መሄድ ከጀመሩ በኋላ ነው። «አባትሽ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው የተማረው» አሉኝ። «አንቺ የተወለድሽ ሰሞን መምጣት አቆመ። ቀሪውን ስመለስ ያሳዩኝ ብሎኝ ነበር።» ያን እሑድ የሰጠኝ ያለውን ሁሉ ነበር። ያን ቅዳሜ የሰጠኝ ደግሞ የሌለውን ነው፤ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እንዳላፍርበት እየተጠነቀቀ፣ እዚያው ቆሞ የፈጠረው። የትኛው እንደሚከብድ እስካሁን አላወቅኩም።

ያን ቀን ግን ይህን አላውቅም። ማስተር ተሳስተው እንደሆነ ለማየት ወለሉን አጸዳሁና ለብቻዬ ሠራሁት። የመስኮቱ ሰውዬ እንደወትሮው ዘግይቶ መጣ። ችኩሉም መጣ። ረጅሙ ዱላውን አወረደ። ሁሉም ቦታቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ የአባቴን ጀመርኩ፤ አንድ እጄን አወረድኩ፣ ጠረግኩ። መስኮቱ ጋ ማንም አልነበረም። ዞርኩ፤ አልጋው ባዶ አልጋ ነው። ቁም ሳጥኑ ቁም ሳጥን ነው። በጀርባዬ የማውቀውን ሰው ፈለግኩት፤ ጀርባዬ ምንም አልነገረኝም። በሩ ጋ ደርሼ መዳፎቼን ስከፍት ቤቱ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህ ሁልጊዜም እውነት ነበር፤ ካታው ውስጥ ሆኜ ሳውቀው ግን የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

በማግስቱ አዳራሹ ገና ሳይሞላ ደረስኩ። ማስተር ወለሉን እየጠረጉ ነበር።

«ቀሪውን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው መጡ። ክንዶቼን አነባብሬ ስቆም ከሥር በሁለት ጣት ነካ አደረጓቸው። «እዚህ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይዝላል» አሉ። «የመጣው ዱላ አንድ ነው፤ መከትሽው። አሁን ያዢውና ሂጂ።» እጄን ገለበጡልኝ። ያልነበረውን ዱላ ጨበጥኩ፤ ጎተትኩ፤ ረጅሙ ሰውዬ ተደናቅፎ በአጠገቤ አለፈ። ለካ ከጀርባው በኩል ሌሎቹ እየጠበቁኝ ኖሯል። አንድ በአንድ እየተቀበሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ መነሻዬ ወሰዱኝ።

የፈተና ቀን እናቴ ፈቃድ አላገኘችም። የሌሎቹ ወላጆች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ካታዬን ጀመርኩ፤ ግራ ትከሻዬ እንደልማዱ ዝቅ አለ፤ ማስተር ከንፈራቸውን ነከሱ። ክንዶቼን ሳነሳ ቀጭኔ ከጥግ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት። ዱላውን ያዝኩትና ሄድኩ። ስጨርስ እግሮቼን ወደ ታች አየሁ፤ የጀመርኩበት ጣውላ ላይ ነበሩ። አግዳሚው ላይ ያጨበጨቡልኝ የሌሎች ልጆች እናቶች ናቸው።

ቤት ስደርስ እናቴ ቀድማኝ ገብታ በረንዳ ላይ ባልዲ ሞልታ ጠበቀችኝ። ቀበቶዬን አይታ ራሷን ነቀነቀች። «የካራቴ ልብስሽን አምጪው፣ ላቡ ሳይደርቅበት ይታጠብ» አለች። አውልቄ ሰጠኋት። ነከረችው፤ እኔ አንገትጌውን፣ እሷ እጅጌውን አሸን።

«የቱን ሠራሽ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«የማስተርን።»

«የአባትሽንስ?»

«እሱ ለፈተና አይሆንም» አልኳት። «ግን አልረሳሁትም።»

«አትርሺው።»

ውሃውን ቀየርን። አረፋው እስኪጠፋ ደጋግመን አለቀለቅነው።

«እማዬ፣ አባዬ አይመለስም አይደል?»

እናቴ እጆቿን ከውሃው አላወጣችም። «አይመለስም» አለች። «ሌላ ቤት አለው። ሊያይሽ ሊመጣ ይችላል። ለመኖር ግን አይመለስም።»

«እሺ» አልኩ።

ልብሱን ከባልዲው አወጣነው፤ ከብዷል። አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች፤ ሌላውን እኔ። እሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ ጠመዘዝነው፤ ውሃው ከመሃል ተንዠቀዠቀ፤ ቀጠነ፤ ጠብ ጠብ አለ፤ ቆመ። ገመዱ ላይ አሰጣነው። እጅጌውን አቃናሁ፣ እሷ መቆንጠጫውን ሰካች። ከዚያ ባልዲውን ደፍቼ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት።